በባሌ ስም የተቀበረው

ለባሌ ለቅሶ የተቀመጥኩት በሃያ ዓመቴ ገደማ ነው። ዕድሜዬን በትክክል አላውቀውም። ጣሊያን ደሴ ገብቶ መንገዱን ከኮምቦልቻ ሽቅብ ይቆርጥ በነበረበት ዘመን የሁለት ሴት ልጆች እናት እንደነበርኩ ግን አውቃለሁ። ስለዚያ ለቅሶ ለማንም በሙሉ ተናግሬ አላውቅም። ልጆቼ የሚያውቁት ግማሹን ነው፤ የቀረውን ግማሽ እኔም ራሴ በወጉ አላውቀውም።

ባሌ ከደሴ በታች ሐረጎ የሚባለው ዳገት ላይ ድማሚት የፈለጠውን ድንጋይ እየተሸከመ ገደል ዳር የሚደረድር የመንገድ ሠራተኛ ነበር። ሥራ የተሰጠው ሰው ሁሉ ቁጥር የተመታባት ክብ ቆርቆሮ በክር አንገቱ ላይ ያስራል። ጠዋት የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ስም አይጠራም፣ መልክም አያይም፤ የሚያየው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ያለው ይሠራል፤ የሌለው ምናልባት ይቀጥሩኝ እንደሆነ እያለ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ይውላል። ባሌ ቆርቆሮውን ከማተቡ ጎን ነበር የሚያንጠለጥለው። እኔ ደስ አይለኝም ነበር። «ከማተብህ ጋር ምን አጋጨው» ስለው ይስቅብኛል።

መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ከሚውሉት አንዱ ከኩታበር የመጣ ሙስሊም ነበር። ሚስቱንና ጨቅላ ልጁን አገር ቤት ትቶ ነው የመጣው፤ ልጁን «ገና ያልተጠመቀ» ልል እልና የሙስሊም ልጅ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ሁልጊዜ አፌን እይዛለሁ። ባሌ አዘነለትና ግቢያችን ካለችው ትንሽ ጎጆ አስጠጋው። ዓይነ አፋር ነበር፤ እኔን ሰላም የሚለው መሬት መሬት እያየ ነው። ቁመቱ ከባሌ እኩል ነው። የደሴ ብርድ ሲያንዘፈዝፈው አይቶ ባሌ አሮጌ ጋቢውን ሰጠው። አዲሱንም አሮጌውንም የፈተልኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ ተከናንበው ቆመው ከኋላ ሳያቸው የትኛው የኔ እንደሆነ አልለይም ነበር፤ በዚህም ራሴን እየታዘብኩ እስቅ ነበር።

አንድ ቀን የባሌ እህት ቢስቲማ ታማ ተኝታለች የሚል መልእክት መጣ። ከሥራ አንድ ቀን የቀረ ሰው ቆርቆሮው ተነጥቆ ለሌላ ይሰጥ ስለነበር ሠራተኞቹ በመካከላቸው የዘየዷት ዘዴ ነበረቻቸው። መሄጃ ያለው ቆርቆሮውን ሥራ ለሌለው ወዳጁ ያውሰዋል። ወዳጁ በዚያ ቁጥር ይውላል፣ የውሎውንም ገንዘብ ይወስዳል፤ የባለቤቱ ቦታም ሳይነካ ይቆያል። ለጣሊያኖቹ እንደሆነ ሁላችንም አንድ መልክ ነበርን። ከተያዙ ግን ግርፋትና እስር አለበት፤ ስለዚህ ነገሩ ከሁለቱ ሰዎችና ከቤተሰባቸው አያልፍም ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃችን ላይ ተኝቶ ነበር። ባሌ ቆርቆሮውን ከአንገቱ አውልቆ ለኩታበሩ ሰው ሲያስርለት አየሁ። ተሰናብቶኝ ወጣና ደግሞ ተመለሰ፤ ዱላውን ረስቶ ነው። ከደጅ መመለስ ገድ የለውምና «ቁጭ ብለህ ሂድ» አልኩት። «ረፍዶብኝ ሳለ ነው የምቀመጠው?» ብሎ ወጣ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቁልቁል ሄዱ። ከቤታችን በታች መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሐይቅና ወደ ቢስቲማ፣ አንዱ ወደ ሐረጎ። እዚያ ሲደርሱ አንዱ ጋቢ ወደ ግራ፣ አንዱ ጋቢ ወደ ቀኝ ሄደ። የትኛው በየት እንደሄደ ጉሙ አላሳየኝም። ትንሽ ቆሜ አየሁና ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ሐረጎ ላይ ቋጥኝ ተንዶ ሰው ገደለ። እኔ አልሰማሁም። የሰማሁት በማግስቱ ጠዋት ከቅሬው ጠሪ አፍ ነው። ቅሬ ማለት በእኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ሆኖ ሬሳ የሚያነሳበት፣ ኀዘንተኛ የሚደግፍበት የመንደር ማኅበር ነው፤ ሰው ሲሞት ጠሪው ዳገት ላይ ወጥቶ የሟቹን ስም ይለፍፋል። በጉሙ ውስጥ ሰውየው አይታየኝም። ድምፁ ብቻ ከላይ መጣ፤ የጠራውም የባሌን ስም ነበር። ሦስት ጊዜ ጠራው። እንደ ሞኝ «እሱ እኮ ቢስቲማ ነው» ብዬ ለራሴ ተናገርኩ።

ነጠላዬን ሳላጣፋ ቤቱ በሴት ሞላ። እሪታው ሲቀልጥ እኔ መሀል ቆሜ አንድ ቃል ለማውጣት እታገላለሁ። የቅሬው አባት፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሙስሊም ሽማግሌ፣ ቀርበው ቆርቆሮውን መዳፌ ላይ አኖሩት። የባሌ ቁጥር ነው። «አብሽሪ ልጄ። አላህ ያጥናሽ» አሉኝ። ሬሳውን በጋቢው እንደተጠቀለለ አምጥተውት ነበር፤ ጋቢው የኔ ፈትል ነው። ፊቱን ልየው ስል ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። «ፊቱ የሚታይ አይደለም። እንደምታውቂው አድርገሽ ያዢው» አሉኝ።

ጋቢው አሮጌው ይሁን አዲሱ፣ ጭቃና ደም ስለነካው መለየት አቃተኝ። ምናልባት ባሌ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ፣ ቆርቆሮውን አስመልሶ ወደ ሥራው ሄዶ ይሆናል። ወይም ደግሞ ይሄ እሱ አይደለም። ይህን የምለይበት አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ። ባሌ በግራ እግሩ ትንሿ ጣት የለችውም፤ በልጅነቱ እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያ ወስዷታል።

እግሩ ሥር ተቀመጥኩ። ሴቶቹ እግሩን አቅፌ የማለቅስ መስሏቸው ቦታ ለቀቁልኝ። በጋቢው ላይ ግራ እግሩን ዳበስኩ። አውራ ጣቱን አገኘሁት። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ከዚያ በኋላ ጨርቁ ባዶ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አምስተኛዋ እዚያው ነበረች፤ ትንሽና ቀዝቃዛ። አላመንኩምና እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀመርኩ። አልቃሿ የባሌን ቁመና፣ የባሌን ደግነት ስትደረድር፣ ሴቱ ሁሉ ደረቱን ሲመታ፣ እኔ ጣት እቆጥር ነበር። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። አምስት ናቸው።

ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። የኔ አልሞተም። ከዚያ መሬት መሬት እያየ ሰላም የሚለኝ ያ ሰው ትዝ አለኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ብናገር ግን ወሬው እስከ ማታ ካቦው ጆሮ ይደርሳል፤ ባሌ ከቢስቲማ ሲመለስ ተይዞ ይገረፋል፣ ይታሰራል። ነገ ይመጣል፣ ሲመጣ እሱ ራሱ ይፈታዋል ብዬ አፌን ዘጋሁ። እንዲህ አድርጌ ነው ያን ሰው በዝምታዬ ያስቀበርኩት።

ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። ቄሱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ የባሌን የክርስትና ስም ጠሩ። አፈሩ ሲገባበት ቀና ስል የቅሬውን አባት ከቅጥሩ ውጭ አየኋቸው። ብቻቸውን ከድንጋይ ካቡ ተጠግተው መዳፋቸውን ዘርግተው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የሙስሊሞቹ ወንዶች ቀብር ላይ ከውጭ መቆማቸው የተለመደ ስለነበር ነገሬ አላልኩትም።

ሦስት ቀን ሰው አልተለየኝም። ቅሬው እህል ሰብስቦ፣ ማገዶ ተሸክሞ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ አቀረበ። የሚያፈሰውን የቤቴን ክዳን ወንዶቹ አለበሱልኝ። እኔ የማየው በሩን ነበር። ባሌ በራሱ ለቅሶ መሀል ቢገባስ? ሰው ከደጅ ጎንበስ ብሎ በገባ ቁጥር እሱ ይመስለኛል። አልመጣም። በሳምንቱ ወደ ቢስቲማ የሚወርድ የበቅሎ ነጋዴ ለምኜ ወደ እህቱ ላክሁ። ሲመለስ ዓይኔን ማየት አቃተው። እህቱ ድናለች፤ የወንድሟን መርዶ ሰምታ ልብሷን ቀዳ አልቅሳለች። እሱ ግን እዚያ አልደረሰም። በመንገዱም ላይ ያየው ሰው የለም።

ያኔ ነው ነገር ዓለሙ የዞረብኝ። በዚያን ጊዜ ሰው መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ኬላ ላይ ተይዞ የትም የሚወሰድ ነበረ፤ ወደ ጫካ የገባም ነበረ። የኔ ከየትኞቹ እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም። ክረምቱ ደርሷል። ልጆቼ ትንንሾች ናቸው። የቤት ኪራይ የምከፍለው በፈትል ነበር፤ ፈትል ደግሞ ለአንድ አፍ እንኳ አይበቃም።

የቅሬው አባት መጡና እንዲህ አሉኝ። «መንገድ ሥራ ላይ ለሞተ ሰው ቤተሰብ ኮምቦልቻ ያለው ጽሕፈት ቤት ገንዘብ ይሰጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ቆርቆሮው ይመለስ ይላሉ፣ መቀበሩን የሚመሰክር ይምጣ ይላሉ፣ ሚስትየዋ ትፈርም ይላሉ። እኔ አለሁ። ቄሱንም አናግሬያለሁ። ላንቺ ባይሆን ለነዚህ» ብለው ልጆቼን አዩ። ቀብር ቆፍሮ ንፍሮ ማቅረብ ብቻ የሚበቃቸው ሰው አልነበሩም፤ የሟች ቤት እሳት እንዳይጠፋ እስከ ጽሕፈት ቤት ደጅ የሚጠኑ ነበሩ። እኔም እሺ አልኩ። ማን ልጆቹን አስርቦ እውነት ይናገራል? እኔ አልቻልኩም።

በእግራችን ወረድን። ሐረጎን ስናልፍ የተናደውን ቦታ አየሁት፤ ሌሎች ሰዎች ሌላ ቆርቆሮ አስረው እዚያው ይሠራሉ። ኮምቦልቻ ሞቃለች። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ጣሊያኑ ቀና ብሎም አላየኝም፤ የሚጠይቀው አስተርጓሚው ነበር።

«ሬሳውን አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ባልሽ መሆኑን በምን ለየሽ?»

«እግሩን ዳበስኩት» አልኩ። ሐሰት አልተናገርኩም።

ወደ ሽማግሌው ዞረ። «እርስዎስ?»

«ከድንጋዩ ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። እሳቸውም ሐሰት አልተናገሩም፤ ይህን የተረዳሁት ግን በኋላ ነው። አውራ ጣቴን ቀለም አስነክረው ወረቀቱ ላይ አስጫኑኝ። ገንዘቡን በመቀነቴ ቋጠርኩት። ቆርቆሮው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ስንመለስ የቆላው ሙቀት አልቆ ጉሙ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ከኋላዬ የሰው ኮቴ ሰማሁ። ባሌ ሲሄድ ጣቷ የሌለችውን እግሩን ትንሽ ጎተት ያደርጋል፤ ኮቴው እንደዚያ ነበር። አንድ ይረግጣል፣ አንድ ይጎትታል። ስቆም ይቆማል። ቀልቤ ተገፈፈ።

«አባባ፣ ከኋላችን ሰው አለ?» አልኳቸው።

ሽማግሌው ቆመው አዳመጡ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ጉም ነው» አሉና ፍጥነት ጨመሩ። ጉም ኮቴ እንደሌለው ሁለታችንም እናውቃለን።

በገንዘቡ እህል ገዛሁ፣ ኪራይ ከፈልኩ፣ ለልጆቼ ልብስ አደረግሁ። የቀረውን ጣራው ሥር ሸጎጥኩት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አንድ የማፍርበት ነገር በውስጤ ገባ። ባሌ እንዳይመጣ መፍራት ጀመርኩ። ቢመጣ እሱ ይታሰራል፣ እኔ ሐሰተኛ እሆናለሁ፣ ቅሬው ይዋረዳል፣ ገንዘቡ ይመለስ ይባላል። የማፈቅረውን ሰው፣ ዱላውን ረስቶ ሲመለስ ቁጭ በል ያልኩትን ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ በሬን ቀርቅሬ የምከላከለው ሆንኩ።

አንድ ጠዋት ትንሿ ልጄ ከደጅ ገብታ «አባዬ ቆሟል» አለችኝ። «የት?» ስላት በእጇ ወደ አጥሩ አሳየችኝ። ወጣሁ። ጉሙ ድፍን ብሏል፤ ማንም የለም። አጥሩ ሥር ግን ጭቃው ላይ የባዶ እግር ዱካ ነበረ፤ ውሃው ገና እየገባበት ነው። ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሄደ አይታወቅም፤ ሰው አንድ ቦታ ብቻ ቆሞበታል። ጎንበስ ብዬ የግራ እግሩን ጣቶች ብቆጥር ሁሉንም ነገር አውቀው ነበር። አልቆጠርኩም። እያየሁ ላለማየት ፊቴን አዙሬ ዱካውን በእግሬ አጠፋሁት። በሕይወቴ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላውቅም።

መስከረም ሲጠባ በሬ ተንኳኳ። በቀዳዳ አየሁ፤ ሴት ናት። ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛ ቆማለች። ከፈትኩላት።

«አላህ ያጥናሽ እታለም» አለችኝ። «ዘግይቼ ነው የደረስኩት፣ አትቀየሚኝ። ልጁ ታሞብኝ ነው እንጂ ለቅሶሽን ሰምቻለሁ። ከኩታበር ነኝ። ባልሽ ባሌን ያስጠጋው ነው።»

ቋጠሮውን ከፈተችው። የተቆላ ገብስ ነው። ለቅሶ ስደርስ ባዶ እጄን አልምጣ ብላ ያመጣችው ነው። ፊቷ ጥቁር ብሎ፣ ጉንጯ ገብቶ፣ እሷ የበላች አትመስልም። እኔ በባሏ ሬሳ የተገዛ እህል ጎተራዬ ውስጥ አስቀምጬ ገብሷን በሁለት እጄ ተቀበልኳት። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ያንቺስ?» አልኳት።

«እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለች። «ኮምቦልቻ ወርጄ ጠየቅሁ። እንዲህ ያለ ሰው ሠርቶም አያውቅም አሉኝ። የመንደራችን ቅሬ ያልሞተ ሰው አናለቅስም አለኝ፤ እውነታቸውን ነው። ሌላ አግብቶ ቀረ ይላሉ። ወላሂ፣ ሞቶም ከሆነ ላልቅስለት፤ ትቶኝም ከሆነ ልርገመው። ሁለቱንም አጥቼ ተቀምጫለሁ።»

የምትለውን ከእሷ በላይ አውቀው ነበር። የልጁ እግር ከማዘያዋ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። እያየሁት ጣቶቹን መቁጠሬን ያወቅሁት አምስተኛዋ ላይ ስደርስ ነው። አለቀስኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቆርቆሮውን፣ ጋቢውን፣ ጣቶቹን፣ ኮምቦልቻ ላይ የጫንኩትን አውራ ጣቴን። ትጮሃለች፣ ትመታኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲያ አልተወኝም» አለች።

የቅሬው አባት ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ተናዝዤ ስጨርስ ሽማግሌው መሬቱን በምርኩዛቸው ሲጭሩ ቆዩ።

«ማተብ አልነበረውም» አሉ። «ሳወጣው አንገቱ ላይ ቆርቆሮው ብቻ ነው የነበረው። ባልሽን ማተቡን ሳያስር አይቼው አላውቅም። አውቄ ነው ዝም ያልኩ።»

«ለምን አባባ?»

«ልጆችሽን አየሁ። እናንተ ግቢ የተጠጋው ሰውዬ ቤተሰብ ያለው አልመሰለኝም። በክርስቲያን ፍትሐት ሲገባ በውጭ ቆሜ እኔ የምችለውን ዱኣ አደረግሁለት። ይቺን ልጅ አላሰብኳትም።» ወደ ሴትየዋ ዞረው «አንቺ ይቅር በይኝ» አሏት። ሽማግሌ ሰው ሴት ልጅ ፊት እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁም።

ለጽሕፈት ቤቱ መናገር እኛንም ቄሱንም እስር ቤት መክተት ስለሆነ አልተነገረም። ከገንዘቡ የተረፈውን ከጣራው ሥር አውጥቼ ሰጠኋት። የበላሁትን ደግሞ በሁለት ዓመት ፈትል ከፈልኩላት። ቅሬው ነገሩን ከመንደሩ ላያወጣ ተማምሎ የሷን ባል በስሙ ሊያስጠራው ተስማማ። ሬሳውን ለማውጣት ማንም አልደፈረም። እሷ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ራስጌው በኩል ተቀመጠች፤ ሽማግሌው ዱኣ አደረጉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሜን አለ። በማግስቱ ጠዋት ጠሪው ዳገቱ ላይ ወጥቶ የዚያን ዓይነ አፋር ሰው ስም ሦስት ጊዜ ጠራ። ንፍሮውን የቀቀልኩት እኔ ነኝ። እስክትሞት ድረስ ከኩታበር እየመጣች ቅጥሩ ሥር ትቀመጥ ነበር፤ ስትመጣ የምታድረው እኔ ቤት ነበር።

ለቅሶዋ ተነሥቶ ሰው ሲበተን ሽማግሌውን ለብቻቸው ጠየቅኋቸው።

«የኔስ ባል?»

«ሞቱን የሚነግረን ሰው ቢመጣም እንኳ» አሉኝ፣ «ቅሬ አንድን ሰው ሁለቴ አይጠራም ልጄ። ያንቺ ተጠርቷል። ተለቅሶለታል።»

እውነታቸውን ነው፤ የቅሬው ሕግ እንዲያ ነበር። ጣሊያን ወጣ፣ ጫካ የነበሩት ገቡ፣ የታሰሩት ተፈቱ። የኔ ከሁለቱም ጋር አልመጣም። እስከ ዛሬ ጉም በወረደ ጠዋት በሬን አልቀረቅርም፤ ደጃፌ ጭቃ ላይ ዱካ ካየሁ ጎንበስ ብዬ እቆጥራለሁ። ጎረቤቶቼ ይቺ አሮጊት ምን ጠፍቷት ነው ይላሉ። ለባሌ የተጠራው ለቅሶ ያ አንዱ ብቻ ነው፤ አገር ሁሉ ደረቱን መትቶ አልቅሶለታል። እኔ ግን ጣት እየቆጠርኩ ስለነበር አላለቀስኩለትም።